ደብረ ብርሃን ሰርግ ላላችሁ፦ ስለ ባልና ሚስቱ ፎቶ ቤት

ይሄን ለመጻፍ ከፋሲካ ጀምሮ እያሰብኩ ነበር ጊዜ አጥቼ ነው የቆየሁት። የታናሽ እህቴ ሰርግ ጥር 18 ቀን 2017 ነበር፣ ከጥምቀት በሳምንቱ ማለት ነው፣ ፎቶውንም ቪዲዮውንም የሠሩልን እዚሁ ደብረ ብርሃን ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። በሩ ላይ ስም ተጽፎበታል ግን በዛ ስም የሚጠራው ሰው የለም፣ ሁሉም "ባልና ሚስቱ ጋ" ነው የሚለው፣ እኔም እንደዛው እላለሁ። ሰው ከሰርግ በኋላ ስለ ዲኮሩ ስለ ምግቡ ስለ ዲጄው ያወራል፣ ፎቶ አንሺ ግን የሚነሳው ሲያበላሽ ብቻ ነው። ስለዚ እኔ በደንብ ላመስግናቸው፣ ቅር ያሉኝንም ነገሮች ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን የኔን ሰርግ ልንገራችሁ፣ ለምን እንደዚ እንደምጨነቅ የሚገባችሁ ከዛ ነው። እኔ ያገባሁት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ያኔ ከሌላ ከተማ የመጣ ይሻላል ተብሎ ስሙን የማልጠራው አንድ ስቱዲዮ አመጣን፣ አራት ልጆች ናቸው፣ የማይሸከሙት ዕቃ የለም፣ ሰዉ ሙሽራዋን ትቶ እነሱን ነው ያየው። እኛ ቤት ሙሽራ ስትወጣ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ይቀመጡና ሙሽሮቹ ጉልበት እየሳሙ ይመረቃሉ። ሴት አያቴ ያኔ ዓይኗ ደክሟል፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ፣ እኔ እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም፣ ግዴለም ቪዲዮው ላይ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። ቪዲዮው በዘጠኝ ወሩ መጣ። እዛች ቦታ ላይ ዘፈን ጭነውበታል። የአያቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እጇ ጭንቅላቴ ላይ ነው፣ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። ደውዬ ሳይቆረጥ የተቀረጸውን ስጡኝ ስላቸው ሚሞሪው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ፎርማት ተደርጓል አሉኝ፣ በቃ እንደዛ ነው ያሉኝ፣ ይቅርታ እንኳን የለም። አያቴ ከዛ በኋላ ዓመት ሳትቆይ አረፈች። እና እህቴ ላገባ ነው ስትለኝ አዳራሽም ቬሎም አላነሳሁባት፣ ፎቶ አንሺውን የምመርጠው እኔ ነኝ አልኳት።

ባልና ሚስቱን የማውቃቸው በጉርድ ፎቶ ነበር። ቤቷ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ናት፣ በር ላይ የተለጠፈው የሙሽራ ፎቶ ፀሐይ በልቶት ሰማያዊ ሆኗል (ይሄን ቢቀይሩት ደስ ይለኛል፣ ሥራቸውን አይመጥንም)። ውስጥ አንድ በርጩማ፣ ነጭ መጋረጃ፣ መስታወት፣ በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣ ግድግዳው ላይ ደሞ ኮትና ክራቫት ተሰቅሏል። ኮቷን ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ልጅ ለብሷታል ብል ማጋነን አይሆንም። ትልቅ ኮት ናት፣ ቀጭን ልጅ ሲለብሳት ሚስትየዋ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ትይዘውና ከፊት ለልኩ የተሰፋች ትመስላለች፣ ከዛ አገጩን በጣቷ ትንሽ ቀና ታደርግና "ተንፍስ፣ አሁን እየኝ" ትላለች። ባለፈው ለዲቪ ስነሳ መነጽሬን አስወልቃኝ ነበር፣ ለምን ስላት ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በፈረንጆቹ ማለት ነው የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ላይ መነጽር አይፈቀድም አለችኝ፣ ጀርባው ነጭ መሆን አለበት ፋይሉ ደሞ 600 በ600 ፒክስል፣ ያምናው ፎቶ አይሆንም በስድስት ወር ውስጥ የተነሳ ነው የሚፈልጉት። ሰው በማይረባ ፎቶ ዕድሉን እንዳያበላሽ ብላ ነው የምትጨነቀው፣ ገንዘቡማ ያው የጉርድ ፎቶ ገንዘብ ነው።

ሁለቱ እንዴት እንደጀመሩ እሷ ናት ያጫወተችን። እሱ በፊልም ጊዜ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየጥምቀቱ የሚዞር ነበር፣ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው፣ 36ቱን እየቆጠረ እየሳሳ ነው የሚያነሳው፣ አሳጥቦ መጥቶ በየሰፈሩ ባለቤቱን እየፈለገ ይሰጣል። እሷ ደሞ ፎቶ ኮፒና ታይፕ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፣ እሱ ላሚኔሽን ሊያሠራ እየተመላለሰ ነው የተዋወቁት። ኮምፒውተሩን እሷ ታውቃለች ካሜራውን እሱ ያውቃል፣ ተጋቡ፣ ከዛ እሷም ካሜራ ያዘች። አሁን ሰርግ ላይ ሁለቱም ያነሳሉ፣ ኤዲቲንጉንና ሒሳቡን ግን እሷ ናት የያዘችው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እኔና እህቴ ሄድን። እኛ እንደ ሁሉም ሰው ስንት ነው ፓኬጁ ምን ምን አለው ብለን ነው የገባነው፣ ሚስትየዋ ደብተር አወጣችና "ስለ ብሩ እንነጋገራለን፣ መጀመሪያ አያቶች ማን ማን አሉ?" አለችን። ክው ነው ያልኩት። ከየት ነው የሚመጡት፣ መቆም ይችላሉ ወይ፣ ጆሯቸው ይሰማል፣ ማን ነው የሚመርቀው፣ የተጣላ ዘመድ ካለ ንገሩኝ አንድ ላይ ቁሙ ብለን ሰው እንዳናሳፍር፣ ይሄን ሁሉ ትጽፋለች። እኛ ቤት የተጣላ ዘመድ አለ፣ ነገርናት፣ በሰርጉ ቀን ሁለቱ አጎቶቼ ሁለት የተለያየ ፎቶ ላይ ናቸው ያሉት፣ ሁለቱም ከሙሽሮቹ ጋር፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው፣ ማንም ምንም አላወቀም። እኔ ተራዬን ጠብቄ የአያቴን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ባሏን ጠራችው፣ "ይሄን ስማ" አለችው፣ እንደገና ነገርኩት። እሱ "ምርቃት ላይ ሙዚቃ አንጭንም፣ ዋናው ድምፅ ሳይቆረጥ ለብቻው በፍላሽ ይሰጣችኋል" አለ፣ እሷ እሱ ሲናገር ውሉ ላይ በእስክሪብቶ ጨመረችው። ውሉ አንድ ገጽ ነው በአማርኛ የተጻፈ፣ ቀብዱ፣ ቀኑ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመጡ፣ ሁሉም አለ፣ አንድ ኮፒ እኛ ጋ ቀረ።

ስንወጣ ደሞ አንድ ነገር ነገረችን፣ እናንተም ያዙልኝ። ድንኳን ስትከራዩ ነጭ ሸራ ተከራዩ አለች። ሰማያዊ ሸራ ስር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ነው የሚሆነው፣ ቢጫ ከሆነ የታመመ ነው የሚመስለው፣ ኮምፒውተር ላይ ፊቱን ላስተካክል ብትል ቀሚሱ ይበላሻል። እናቴ ለፎቶ ተብሎ ድንኳን ይመረጣል እንዴ ብላ ነበር፣ በኋላ የጎረቤቶቻችንን ሰርግ ፎቶ አውጥተን ስናሳያት ነው ያመነችው፣ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው።

ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት አንኮበር ሄደን ሙሽሮቹ የፕሪዌዲንግ ፎቶ ተነሱ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ብርዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ነበርን፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል፣ ከታች የአፋር ቆላ በጉም ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል። ባልየው በርኖስ ደርቦ ነው የመጣው፣ የካሜራ ባትሪዎቹን በሙሉ ከበርኖሱ ስር ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነው የሚይዛቸው፣ ሰውነቱ ጋ። ብርድ ባትሪ ይገድላል፣ ቻርጁ እያለ ያለቀ ይመስላል፣ ከዛ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ደሞ ተመልሶ ይነሳል። አንዱን ሲያወጣ አንዱን ሲከት እንደ ዶሮ እንቁላል ነው የሚይዛቸው። እህቴ በስስ ቀሚስ ስትንቀጠቀጥ ሚስትየዋ ጋቢ ይዛ ከካሜራው ጎን ቆማለች፣ ጋቢውን ታነሳላታለች ሁለት ሦስት ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሳ ሮጣ ታለብሳታለች፣ ጠዋቱን ሙሉ እንደዛ ነው የሠሩት። እሱ ፀሐይዋን እየጠበቀ ታሪክ ያወራል፣ እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክተኛ ሲልኩ በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ መጥቶ ይሄን አገር በእጁ ስሎታል፣ ካሜራ በአገሩ ሳይለመድ ማለት ነው። ፎቶ ሊያነሳ መጥቶ ስለ ቦታው የሚያውቅ ሰው ስታገኙ ደስ አይልም? እኛ እዚህ ተወልደን አናውቅም ነበር።

አሁን ዋናው የሰርጉ ቀን ነው። ሚስትየዋ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እኛ ቤት ደረሰች፣ ብቻዋን፣ ካሜራዋን ይዛ። እሱ ደሞ ሙሽራው ጋ ደብረ ሲና አድሮ ከሰርገኛው ጋ ነው የሚመጣው። ባልና ሚስት መሆናቸው የቱ ጋ እንደሚጠቅም ያየሁት እዚህ ነው። በኔ ሰርግ አራት ወንዶች ነበሩ፣ እኔ ስለብስ በር ተዘግቶ እነሱ ውጪ ቆሙ፣ ከለበስኩ በኋላ "እስቲ እንደገና እየለበስሽ ያለሽ ምሰይ" ብለው አስመሰሉኝ፣ ፎቶው ላይ ፊቴ የሚናገረው እሱን ነው። የእህቴ ላይ እሷ ክፍሉ ውስጥ ናት፣ ሴት ናት፣ እናቴ የቬሎውን ዚፕ ስትስብ አልዘጋ ብሎ ሁለታችን ስንታገል፣ አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማ ስታስር፣ እህቴ ሜካፑ እንዳይበላሽ ቀና ብላ እንባዋን በመሐረብ ጫፍ ስትጠርግ፣ ሁሉም ተነስቷል፣ ማናችንም ካሜራ መኖሩን ረስተናል። ቦርሳዋ ውስጥ ደሞ መርፌ ክር መርፌ ቁልፍ ሁሉ አለ፣ ዚፑ አልዘጋ ሲል ካሜራዋን አልጋ ላይ አስቀምጣ "ቆዩ እማማ" ብላ ራሷ በክር ያዘችው። ከዛ ካሜራዋን አንስታ ቀጠለች።

ሌላው ደሞ ማንም የማያስበው ነገር። የኛ ከተማ ጥር ላይ ውጪው በረዶ ነው ቤቱ ደሞ በሰውና በወጥ እንፋሎት የጋለ ነው። ከውጪ የመጣ ካሜራ እንደዛ ቤት ሲገባ ሌንሱ ላብ ያልበዋል፣ መነጽር የምታደርጉ ታውቁታላችሁ፣ እንፋሎቱ እስኪለቅ ሩብ ሰዓትም ከዛ በላይም ይፈጃል። ሰርገኛው በር ላይ ተከልክሎ ተጨቃጭቆ ሲገባ ደሞ ሩብ ሰዓት የሚጠብቅ የለም። እነሱ ጋ የሷ ካሜራ ከሌሊት ጀምሮ ቤት ውስጥ ስላለ ሞቆ ይጠብቃል፣ የሱ ካሜራ ከውጪ አይገባም። በሩ ላይ ተገናኙ፣ እሱ ከሙሽራው ጀርባ ሆኖ ወደ ውስጥ ያነሳል፣ እሷ ከእህቴ ጎን ሆና ወደ በሩ ታነሳለች፣ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። አልበሙ ላይ ሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ነው ያለው፣ አንዱ ላይ ሙሽራው እህቴን ሲያያት ሌላው ላይ እህቴ ሙሽራውን ስታየው፣ ያቺው አንዷ ደቂቃ ናት።

ወንድ አያቴ ከመሐል ሜዳ ሁለት ቀን ቀድሞ መጥቶ ነበር መንገድ አይታመንም ብሎ፣ የመንዝ ጥቁር በርኖሱን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጧል። ባልየው ጎንበስ ብሎ "አባባ፣ ይቺን ትንሽ ነገር ከሸሚዝዎ ኮሌታ ላይ ልለጥፋት፣ ድምፅዎን ለመያዝ ናት" አለው። አያቴ ገልበጥ አድርጎ አያትና "ይቺ ናት የምትሰማው?" አለ፣ "አዎ አባባ"፣ "በል እንግዲያው አጥብቀህ ለጥፋት"። በርኖሱ ላይ ለምን አላደረግከውም ብዬ በኋላ ጠየኩት፣ ሱፍ ከማይክ ጋ ሲፋተግ ንፋስ የሚነፍስ ነው የሚመስለው፣ ለዛ ነው ከውስጥ በፕላስተር ያጣበቀው። ልጆቹ ጉልበቱን ሲስሙ አያቴ መረቀ። እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ የእንግዳ ማረፊያ ይሁን፣ ከዛ የራሱን ቃል ጨመረ፣ ስለ በጎቹ ስለ መሬቱ ስለ ሴት አያቴ፣ ወደ ሰባት ደቂቃ። ዲጄው መሐል ላይ ሊከፍት ሲል ሚስትየዋ ናት ሮጣ እጁን የያዘችው። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ ስለማይኩ ብቻ ነበር የማስበው፣ ደህና ይያዝ ይሆን እያልኩ።

ስለ ፎቶዎቹ ጥራት ትንሽ ልበል። የኛ ሰርግ ፎቶ ከባድ የሚሆነው ነጩ ነው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ራሱ ያጨልማል፣ ስለዚ ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሃያ ሴቶች ሲደረደሩ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል ፊታችን ይጠቁራል፣ ብርሃን ሲጨመር ደሞ ጥበቡ ተቃጥሎ ነጭ ብቻ ይሆናል። ከተማችን ደሞ 2800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትለያለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ውጪ የቆመ ሰው ዓይኑ ስር ጥቁር ጥላ ነው። እነሱ ሰዉን ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ጥላው ውስጥ ፊቱን ወደ ውጪ አዙረው ነው የሚያቆሙት፣ ብርሃኑን የሚለኩት ፊት ላይ ነው፣ ሮው (ካሜራው ሳያቀነባብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው የሚያነሱት። የእናቴ ቀሚስ ጥለት ክሩ ይቆጠራል፣ ፊቷም የራሷ ፊት ነው።

የራሷ ፊት ነው ስል ዝም ብዬ አይደለም። ብዙ ቦታ ሙሽራ ትነጣለች፣ ኤዲቲንግ ላይ ፊቷን ያነጡታል ቆዳዋን ያልሱታል፣ አንገቷና እጇ ሌላ ቀለም ፊቷ ሌላ ቀለም። እህቴ ጠይም ናት፣ ቆንጆ ጠይም። አንድ ዘመዳችን ሚስትየዋን "ትንሽ ፈካ አድርጊያት" ብላት ነበር፣ እሷም በትህትና "እትዬ፣ ልጅቷ ፈክታለች እኮ፣ እኔ ብጉር አጠፋለሁ ሰው አልቀይርም" አለቻት። ይሄን ስሰማ ላቅፋት ነበር። ልጆቻችን ነገ አልበም ሲገልጡ እናታቸውን ማየት አለባቸው፣ የማያውቋትን ሴትዮ አይደለም።

ከሰዓት ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጣርማበር ላይ ጉም ጠበቀን፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ መግቢያው እንኳን አይታይም። ሌላ ቦታ ሰርገኛ ዋሻው አፍ ላይ መኪና አቁሞ መንገድ ሲዘጋ አይቻለሁ፣ ባልየው ግን እዚህ አይቆምም የጭነት መኪና በጉም ውስጥ አያየንም ብሎ አሳለፈን፣ ከወረድን በኋላ ጉሙ ሲገለጥ ገደሉን ከጀርባ አድርጎ አሥር ደቂቃ አቆመን። የሙሽራው ወንድም ድሮን የለም ወይ ብሎ ሲጠይቀው ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም እኛም ፈቃድ የለንም አለው፣ አለቀ። ማታ ሙሽራው ቤት የነበረው ፕሮግራም ደህና ነው፣ ከዛ ብዙም የምለው የለኝም፣ ስፒከሩ ስለሚጮህ የቪዲዮው ድምፅ እዛ ላይ ጥሩ አይደለም። ማክሰኞ መልሱ ላይ ሁለቱም ነበሩ፣ ካባ ለብሰው የተነሱት ፎቶዎች ከቬሎው ይበልጡብኛል።

ቅሬታዬን ደሞ ልንገራችሁ። ውሉ ላይ አልበሙ በ45 ቀን ይደርሳል ይላል፣ የደረሰው በ70 ቀኑ ነው፣ መጋቢት 28፣ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ኅትመቱ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ መብራትም ሲጠፋ ሲመጣ ነበር ይገባኛል፣ ግን ራሳቸው ደውለው ዘገየን ማለት ነበረባቸው፣ እኔ ነኝ ሦስት ጊዜ የደወልኩት። ሁለተኛ ከአጣዬ የመጣችው አክስቴ ዘግይታ ስለደረሰች ባልየው ለመንገዱ ቀድሞ ወጥቶ ሚስትየዋ ደሞ እህቴን መኪና ስታሳፍር ነበር፣ ከሙሽሮቹ ጋ አንድም ፎቶ የላትም፣ እስካሁን ታነሳብኛለች። ሁለት ሰው ብቻ ሲሆኑ እንደዚህ ዓይነት ክፍተት አለ፣ ትልቅ ሰርግ ካላችሁ አንድ ረዳት ይዘው እንዲመጡ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሦስተኛ በቀን አንድ ሰርግ ብቻ ነው የሚይዙት፣ ይሄ ለኛ ጥሩ ነው፣ ጥር ላይ ቀን ለሚፈልግ ሰው ግን ያበሳጫል።

ፎቶ ስንመርጥ እዛች አንድ ክፍል ውስጥ ሲከራከሩ አይቻቸዋለሁ። እሱ የአንኮበሩን የጉም ፎቶ ሁለት ገጽ ሙሉ ይሁን ይላል፣ እሷ "ሰው የሰርግ አልበም የሚገልጠው ሰው ለማየት ነው፣ ጉም ለማየት አይደለም" ትላለች፣ እሱ ብርሃኑን እይው ይላል፣ እሷ አያትየውን እይ ትላለች። እህቴ ከሷ ጋ ወገነች፣ አልበሙ ውስጥ አያቴ ገባ፣ ጉሙን ደሞ ላሚኔት አድርገን ሳሎን ሰቀልነው፣ ባልየው ለሱ ዋጋ አልጨመረብንም። ክርክሩ ሲያልቅ ሻይ አዘዘላት፣ ለኛም መጣልን።

ፋይሎቹን በተመለከተ ካሜራቸው ሁለት ሚሞሪ ነው የሚወስደው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ላይ አለ። ማታውኑ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፣ አንዱ ሱቅ ይቀመጣል አንዱ እቤታቸው፣ ሱቁ ቢሰረቅ ወይ ቢቃጠል ብለው ነው። እኛ የተሰጠን አልበም፣ የተቀነባበረው ቪዲዮ፣ ከ800 በላይ ፎቶ ሶፍት ኮፒ፣ እና በትንሽ ፖስታ ለብቻው የታሸገ ፍላሽ ነው። ፖስታው ላይ ሚስትየዋ በእጇ "የአባባ ምርቃት፣ ያልተቆረጠ" ብላ ጽፋበታለች።

ፋሲካ ላይ ያንን ስልኬ ላይ ጭኜ መሐል ሜዳ ሄድኩ። አያቴ ምሳ በልቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ስልኩን ጆሮው ጋ ያዝኩለት። መጀመሪያ ማን እንደሚናገር አላወቀም። "ማነው ይሄ ሽማግሌ?" አለኝ፣ አንተ ነህ እኮ አባባ ስለው ዝም አለ፣ ከዛ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ ለራሱ ምርቃት ራሱ አሜን አሜን እያለ። ሴት አያቴን ያነሳበት ጋ ሲደርስ መልሺልኝ አለኝ፣ መለስኩለት፣ አራት ጊዜ።

ዋጋውን ማወቅ ለምትፈልጉ፣ እኛ አንኮበሩን ሰርጉንና መልሱን ጨምሮ ፎቶና ቪዲዮ ከአልበም ጋ 58 ሺ ብር ነው የከፈልነው፣ 20 ሺውን ቀብድ፣ የቀረውን ግማሹን በሰርጉ ማግስት ግማሹን አልበሙን ስንረከብ። የአንኮበር ትራንስፖርት በኛ ነበር። አሁን ጨምረው ይሆናል ደውላችሁ ጠይቁ። ለጥር ከሆነ ጥቅምት ሳይወጣ ሂዱ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ደሞ ጾሙ ሳይገባ። እሑድ እስከ ቀትር ስልክ አያነሱም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስትሄዱ የአያቶቻችሁን ስምና ከየት እንደሚመጡ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።